ቁልፉን ማን ይቀበለው? (ጎንደር ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ!

ኋላ ያላችሁት የሰማችሁኝ አልመሰለኝም፤ ልድገመው። እንደምን ዋላችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ደህና።

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ከአራዳም ከማራኪም ከአዘዞም የመጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ደመናው እንዲህ እያስፈራራ አዳራሹን ሞልታችሁ ሳያችሁ ደስ ብሎኛል። አስተባባሪዎቹ «ስለ ዲፕሎማሲ አንድ ነገር ንገረን» አሉኝ። «ስለ የትኛው?» ብላቸው «አንተ ስለፈለግኸው» አሉ። ለጡረተኛ አስተርጓሚ እንዲህ ያለ ፈቃድ አይሰጥም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቃል ሲያቀብል የኖረ ሰው የራሱን የሚናገርበት ቀን ሲያገኝ አያቆምም። (ሳቅ)

የመረጥሁት ነገር ይኼ ነው። አንድ የአገር መሪ «በቃኝ፣ ልለቅ ነው» ሲል አምባሳደሮችና ልዩ መልእክተኞች ድምፃቸውን አጥፍተው ቤቱ እየሄዱ «ተው እንጂ» ይሉታል። ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ከወጣም ከወር በኋላ ነው። ለምን ይሄዳሉ? ምን ይዘው ይሄዳሉ? ሰውየውስ ልመናውን ሰምቶ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? በሦስት ከፍዬ ነው የምናገረው። ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ሰዓት ካለቀ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንድ ማሳሰቢያ። ጉዳዩ የብዙ አገር ስለሆነ ዓመተ ምሕረቱንም ወርና ቀኑንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የእኛን ስጠራ የእኛ ነው እላችኋለሁ።

አንደኛ፤ ያልተቀበሉት መልቀቅ

ከአዘዞ ልጀምር። ያደግሁት እዚያ ነው። አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነበር። የእድሩ ዳኛ ደግሞ ጎረቤታችን ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ «አያ ዳኛ» ነበር የምንላቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ብረት ድስት ሁሉ ያለበት ዕቃ ቤት ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነበር። አንድ ዓመት ሁለት ብረት ድስት ጠፋ። ጠፋ ሲባል ታውቃላችሁ፣ በማግስቱ ወሬ ይመጣል። «ዳኛው ለእኅታቸው ልጅ ሠርግ አውሰውት ነው»፣ «የለም፣ ሸጠውት ነው»። ወሬው እሳቸው ጆሮ ደረሰ።

አንድ ማታ መጡ። ቤታችን እራት ላይ ነበርን። አልተቀመጡም። በጥቁር ክር የታሰረውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይኸው። ከእንግዲህ አላውቅበትም» አሉና ወጡ።

አባቴ ቁልፉን አልነካውም። እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ዝም ብሎ ያየዋል። እናቴ ሳሕኖቹን ስታነሣ ቁልፉን ዞራ አለፈችው። በማግስቱም፣ በሠልስቱም ቁልፉ እዚያው ነው። እኛ በአንዱ ጎን ተጣበን እንበላለን። እኔ ልጅ ነኝ፣ ክሩ ደስ አለኝና እጄን ሰደድሁ። አባቴ እጄን በጥፊ መታኝና ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ «ከነካኸው እኮ ተቀበልን ማለት ነው!»

ልብ በሉልኝ። መልቀቅ ብቻውን አይፈጸምም። የሚለቅ አለ፣ የሚቀበል አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ክፍተት አለ፤ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ማለት ነው። «አትልቀቅ» የሚሉ ሰዎች ሥራቸውን ሁሉ የሚሠሩት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ክፍተቱን ወዳጅ ካልጠበቀው ምን ይሆናል? ይኼን ለጎንደር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን ልጆች አሉና ልናገረው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከሉት አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ታላቁ ኢያሱ፣ በ1706 የሚወዷት እመቤት ሞታባቸው ጣና ላይ ደሴት ገቡ። ሐዘን ነው። ሐዘንተኛ ይገለላል፣ አንዳንዱም ይመንናል። እዚህ ግቢ የቀሩት መኳንንት ግን ይኼን መገለል «ንጉሡ ዙፋኑን ለቋል» ብለው ተረጎሙት። እቴጌ መለኮታዊት የወለዱት ተክለ ሃይማኖት አባቱ በሕይወት እያለ ዘውድ ጫነ። ኢያሱ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደሴቱ ውስጥ ተገደሉ። ልጁም አልቆየበትም፤ ሁለት ዓመት ያህል ነግሦ እሱም ተገደለ። እናንተ ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት ታውቃላችሁ፤ «ርጉም» ነው።

ሰውየው «ለቅቄያለሁ» አለ ወይስ አዘነ? ማን ሄዶ ጠየቀው? ታንኳ ቀዝፎ «ጃንሆይ፣ እንዲህ ይላሉ፤ እውነት ነው?» ማለት የማን ሥራ ነበር?

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። ሊባኖስ፣ 2017። ኅዳር 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማለቴ ነው፣ የሊባኖሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳአድ ሃሪሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ «ሥልጣኔን ለቅቄያለሁ» አለ። ችግሩ የተናገረው ከቤይሩት አይደለም፤ ከሳውዲዋ ሪያድ ነው። የአንድ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ከሌላ አገር ዋና ከተማ ሆኖ ሥልጣን ሲለቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሊባኖሶችም አልሰሙም። ፕሬዚዳንታቸው ሚሼል አውን የሃሪሪ የፖለቲካ ወዳጅ አልነበሩም፤ የሌላው ጎራ ሰው ናቸው። ያደረጉት ግን ልክ አባቴ ያደረገውን ነው። እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱ። ሃሪሪ መጥቶ በአካል ካልነገረኝ መልቀቂያውን አልቀበልም አሉ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ አደረ ማለት ነው።

ከዚያ ዲፕሎማቶቹ ገቡ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አቡዳቢ ላይ የሉቭር ሙዚየም ቅርንጫፍ ሊመርቅ ሄዶ ነበር። ያልታቀደ ጉዞ ጨምሮ ኅዳር 9 ሪያድ ወረደ። በሳምንቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ እዚያው ሃሪሪን አገኘው። ፈረንሳይ ሳውዲን አልከሰሰችም፣ ሃሪሪንም «ታስረሃል» አላለችውም። ምን አደረገች? «ከቤተሰብህ ጋር ፓሪስ ና፣ እንግዳዬ ሁን» አለችው። ኅዳር 18 ፓሪስ ገባ። ኅዳር 21 ሌሊት ቤይሩት ደረሰ። በማግስቱ፣ በነጻነታቸው በዓል ቀን፣ ፕሬዚዳንቱ «ቆይ» ስላሉኝ መልቀቄን አዘግይቻለሁ አለ። ታኅሣሥ 5 ደግሞ ጨርሶ አነሣው።

ሽማግሌ የሆናችሁ አባቶቼ፣ ይኼን ዘዴ አታውቁትም? ባልና ሚስት ሲጣሉ ከእሱ ቤትም ከእሷ ቤትም አውጥታችሁ ሦስተኛ ቤት ታስገቧቸው የለም? ፓሪስ ሦስተኛ ቤት ነበረች። ሰውየው በሪያድ ሆኖ «አለቅም» ቢል አንዱ ወገን ይዋረዳል፤ በቤይሩት ሆኖ ቢል ሌላው። መሐል ላይ ክብሩን ለብሶ የሚተነፍስበት ሳሎን ያስፈልገው ነበር። በዓለም ሁሉ የዲፕሎማት ጥበብ የሚባለው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ እነሱ አበል አላቸው። (ሳቅ)

የግብፁን ናስርንም አንሥቼ ልለፍ። በ1967 ጦርነት ተሸንፎ ሰኔ 9 ማታ «ለቅቄያለሁ» ሲል ካይሮ ጎዳና ወጣች፤ በማግስቱ ተመለሰ። እሱን የለመነው ሕዝብ ነው፤ ዲፕሎማት አይደለም። የዛሬው ጉዳያችን አይደለምና እንተወው።

ሁለተኛ፤ በየትኛው በር ይገባሉ?

አሁን አንድ የሕግ ነገር ልናገር፤ አጭር ነው፣ አትተኙብኝ። በ1961 ቪየና ላይ የተፈረመ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አለ። አንቀጽ 41 ለጉዳያችን የሚሆን ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ዲፕሎማት በተቀበለው አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አይግባ። ሁለተኛ፣ ለሥራው ከመንግሥት ጋር የሚነጋገረው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በኩል ወይም በስምምነት በተወሰነ ሌላ ሚኒስቴር በኩል ይሁን። እንግዲህ ማን ይምራ፣ ማን ይልቀቅ ከሚለው በላይ የውስጥ ጉዳይ ምን አለ? ከቤትም የጓዳ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አምባሳደሩ «መሪያችሁ እንዳይለቅ እንጠይቃለን» ብሎ ማኅተም ያለበት ኖት ቨርባል፣ ማለት መደበኛ የዲፕሎማሲ ደብዳቤ፣ መጻፍ አይችልም። ራስጌ የሌለው፣ ፊርማ የሌለው «ኖን ፔፐር» የሚባል ወረቀት አላቸው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን እሱንም ሲጠቀሙ አላየሁም። በቃል ነው። ሳሎን ውስጥ ነው። ማታ ነው።

ቀን ከሆነ እኮ ስብሰባ ይሆናል። የአዘዞ ሽማግሎችም አያ ዳኛ ቤት የሄዱት ከራት በኋላ ነበር፤ ፋኖስ እንኳ አልያዙም።

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። የማን አገር እንደሆነ፣ ማን ዘንድ እንደሆነ አልናገርም፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ነው። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን ሊለቅ ነው ተባለ። አንድ አምባሳደር አስከትሎኝ ማታ ቤቱ ሄድን። ማስታወሻዬን ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት አምባሳደሩ እጁን ክንዴ ላይ አደረገና «ዛሬ አስተርጓሚ አይደለህም፣ እንግዳ ነህ» አለኝ። ከዚያ የራሱን ብዕር ከደረት ኪሱ አውጥቶ ኮቱ ውስጥ፣ ወደ ውስጠኛው ኪስ ከተተው። ባለሥልጣኑ እንዲያየው ነው። አየውና ትከሻው ወረድ አለ።

አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። ስለ ምን አወሩ መሰላችሁ? ስለ ባለሥልጣኑ ጉልበት ሕመም። ስለ ልጁ ትምህርት። ሻዩ ሦስት ጊዜ ተቀዳ። ጎን ያለው ማቀዝቀዣ እየጮኸ አንዳንዱን ቃል አላሰማኝ ብሎ ተቸግሬያለሁ። ስለ መልቀቅ አንድ ቃል የለም። ተነሥተን በር ላይ ደርሰን፣ የቤቱ ጌታ ሊሸኘን ጫማውን በእግሩ እየፈለገ ሳለ አምባሳደሩ እንደ ዋዛ አንዲት ነገር ጣል አደረገ፤ «በጀቱ እስኪጸድቅ ብቻ ብትቆይ ምን ይመስልሃል?»

ተረጎምሁ። ሰውየው ዝም አለ። ወጣን።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ ይኼን ነገር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። «አትልቀቅ» የሚል ዲፕሎማት የለም። «እስከ» ነው የሚሉት። እስከ ለጋሾቹ ስብሰባ። እስከ ምርጫው። እስከ ዝናቡ ማብቂያ። ሰው ለዘላለም ታገሥ ሲባል ይሸሻል፤ እስከ ሐምሌ ሲባል ይቀመጣል። ያ ባለሥልጣን በጀቱ እስኪጸድቅ ቆየና በሚቀጥለው ሳምንት ለቀቀ። አምባሳደሩ ቅር አላለውም። የጠየቀው እስከዚያው ነበራ!

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የኔ ጥርጣሬ የሚጀምረው። «እስከ» የማን ቀጠሮ ነው? የሰውየው ነው? የአገሩ ነው? ወይስ የለማኙ?

ሦስተኛ፤ ምን ይዘው ይመጣሉ?

ከዚህ በመተማ በኩል ብትወጡ ጋላባት ነው፤ ሱዳን ነው። ስለዚህ የሱዳኑ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የጎረቤት ቤት እሳት ነው። የአብደላ ሐምዶክን ነገር ትንሽ ዘርዝሬ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ንግግሬ እምብርት እሱ ነው።

ሐምዶክ ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም። የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በምክትል ዋና ጸሐፊነት ዓመታት ሠርቷል፤ አንድ ሰሞን በተጠባባቂነት መርቶታል። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት አል በሽር ከወደቁ በኋላ፣ በነሐሴ 2019 የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ማለ። የተረከባት አገር ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ያለባት ናት። ጠመንጃ የለውም፤ ጠመንጃው በጄኔራሎቹ እጅ ነው። ፓርቲ የለውም። ያለው ፊርማው ብቻ ነው። ዓለም የሚያምነው ፊርማ።

ያ ፊርማ ግን ትንሽ ነገር አልነበረም። በታኅሣሥ 2020 አሜሪካ ሱዳንን ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር አወጣቻት። በሰኔ 2021 የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የዕዳ ቅነሳ በር ከፈቱላት። በሐምሌ የፓሪስ ክለብ የሚባሉት አበዳሪዎች 14.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዙ። 14.1 ቢሊዮን! ይኼን ለማግኘት ነዳጅ ላይ የነበረው ድጎማ ተነሥቷል፣ ዳቦ ተወድዷል፣ ሕዝቡ ተቃጥሏል። መከራው ተከፍሏል፤ ፍሬው ገና ሊለቀም ነው።

ጥቅምት 25፣ 2021 ሌሊት ጄኔራሎቹ ሐምዶክን ከቤቱ ወሰዱት። የሚገርመው፣ የአሜሪካ የአፍሪካ ቀንድ ልዩ መልእክተኛ ጄፍሪ ፌልትማን ካርቱም ውስጥ ሁለቱን ወገን አነጋግሮ ከሄደ ሰዓታት አልሞላም ነበር። አሜሪካ 700 ሚሊዮን ዶላር አገደች። የዓለም ባንክ ክፍያውን አቆመ። ሐምዶክ በቁም እስር ሆኖ አምባሳደሮችና የተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛ ቮልከር ፔርተስ ቤቱ ይመላለሱ ጀመር። ወሬው ሁሉ ሐምዶክ ይመለስ ነው።

ተመለሰም። ኅዳር 21 ከጦሩ አዛዥ ከጄኔራል አል ቡርሃን ጋር 14 ነጥብ ያለው ስምምነት ፈርሞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በማግስቱ 12 ሚኒስትሮቹ «እኛ የለንበትም» ብለው መልቀቂያ አስገቡ። ጎዳናው ደግሞ ሦስት «የለም» ይዞ ወጣ፤ ድርድር የለም፣ ሽርክና የለም፣ ሕጋዊነት የለም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ጉተሬሽ ታኅሣሥ 1 ቀን ሱዳናውያን ስምምነቱን በአስተዋይነት እንዲመለከቱት፣ ፍጹም ባይሆንም ለሽግግሩ መንገድ ሊከፍት እንደሚችል ተናገሩ። ንግግሩ ክፋት አልነበረበትም። ግን አስቡት፣ ሰልፍ ላይ የሞተ ልጁን ትናንት የቀበረ አባት ይኼን ሲሰማ!

ታኅሣሥ 21 ሐምዶክ ሊለቅ ነው የሚል ዜና ወጣ። ፖለቲከኞችና ምሁራን ቤቱ ሄደው «ተው፣ ቆይ» ማለታቸው ተዘገበ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዐሥራ ሁለት ቀን አደረ። ጥር 2፣ 2022 ማታ በቴሌቪዥን ቀርቦ ለቀቀ። ከስምምነቱ እስከዚያ ማታ ስትቆጥሩ 42 ቀን ነው። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ የሞቱት ሰልፈኞች፣ የሱዳን ሐኪሞች ኮሚቴ እንደቆጠረው፣ ከ50 በልጠዋል።

አሁን እጠይቃችኋለሁ። «ቆይ» ያሉት ሰዎች ምን ይዘውለት መጡ? ገንዘቡ እንደታገደ ነው። ጠመንጃው እንደነበረ ነው። ሚኒስትሮቹ የሉም። ይዘው የመጡት «እባክህ»ን ብቻ ነው። «እባክህ» ለአንድ ማታ ይበቃል፤ ለመንግሥት አይበቃም። እኔ እንደሚመስለኝ የለመኑት ሐምዶክን አልነበረም፤ ፊርማውን ነበር። ፊርማው ደግሞ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሰውየው ሲደክም ብዕሩ ይወድቃል። ይኼ የኔ አስተያየት ነው፤ የማይስማማ ካለ በኋላ ይከራከረኝ።

በለቀቀ በሁለተኛው ቀን አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ኖርዌይና የአውሮፓ ኅብረት ተባብረው፣ ሲቪሎቹ በስፋት ሳይሳተፉበት ብቻውን የሚሾም ጠቅላይ ሚኒስትርን አንደግፍም አሉ። ደህና ቃል ነው። ይኼ ቃል 42 ቀን ቀድሞ ሳሎኑ ውስጥ ቢነገርለት ኖሮ እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ሁልጊዜ ባዶ እጅ ነው የሚመጣው ማለቴ ግን አይደለም። ዑ ታንትን ታውቁታላችሁ? የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው የበርማው ሰው፤ ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በመስከረም 1966 ለሁለተኛ ጊዜ አልመረጥም አለ። የቬትናም ነገር አንገሽግሾታል፣ የሚሰማው የለም። አሜሪካም ሶቪየትም፣ በምንም የማይስማሙት ሁለቱ፣ እሱ ይቆይ በሚለው ተስማሙ። ሦስት ወር ለመኑት። እሱ ግን ዝም ብሎ እሺ አላለም፤ ቅሬታዬ ይታወቅልኝ አለ። የጸጥታው ምክር ቤት ያነሣቸውን ጉዳዮች በክብደት እንደሚያያቸው በመግለጫ ከተናገረለት በኋላ ነው ታኅሣሥ 2 እሺ ያለው። ቬትናም በዚህ አልቆመችም። ሰውየው ግን ተሰምቶ ነው የቀረው።

በአገራችንም የውጭ ሰው «ተው» ያለበት ጊዜ አለ። እዚሁ አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ያረፉት ዐፄ ሱስንዮስ፣ በ1632 ከወይና ደጋው እልቂት በኋላ የካቶሊኩን ሃይማኖት ትተው የቀደመውን ሲመልሱ፣ ሮም የሾመችው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ አዋጁ እንዳይወጣ ብዙ ጣረ። እሱስ ምን ይዞ ነበር? የያዘው የራሱን ጉዳይ ነው። የሞተው የገበሬ ልጅ ነው። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለና ቁልፉን ልጃቸው ተቀበለ። ያ ልጅ እዚህ ግንብ ሠራ፤ እናንተም አላችሁ።

ወደ አያ ዳኛ ልመለስ፤ ረሳኋቸው ብላችሁ ይሆናል። ሽማግሎቹ መጀመሪያ ማታ ሄደው «እባክህን» አሉ፤ እንቢ። ሁለተኛ ሄዱ፤ እንቢ። ሦስተኛው ላይ አንዲት እናታችን፣ የቀብር እንጀራ በመጋገር የታወቁ፣ አብረው ሄዱ። አባቴ እንደነገረኝ ቡናው ሳይፈላ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ምን ቢሆንልህ ነው ቁልፉን የምታነሣው?» ከዚያ በፊት ይኼን የጠየቀ ሰው አልነበረም! ሁሉም የሚለምነው እድሩ እንዳይፈርስ ነው፤ ሰውየው ምን እንዳመመው የጠየቀ የለም። አያ ዳኛም «ዕቃው በአባላት ፊት ይቆጠር። ድስቱን እኔ እንዳልወሰድሁት ስሜ ይነገር» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ተቆጠረ። እኔም ነበርሁ፤ አግዳሚ ስቆጥር 31 ነው ብዬ 29 ሆኖ አባቴ ሳቀብኝ። አንዱ ብረት ድስት ከሌላ ሰፈር እድር ተገኘ፤ በውሰት ሄዶ ሳይመለስ የቀረ ነው። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ግን የዳኛው ስም ተነገረ፤ ዘጠነኛው ቀን ላይ መጥተው ቁልፉን ከጠረጴዛችን አነሡ። እስከ ጥር ቆዩ። ጥር ላይ ምርጫ ተደርጎ ሌላ ዳኛ ሲመረጥ አባቴ ቁልፉን በእጁ ተቀበለና ለአዲሱ ሰጠ።

ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነግሬያችሁ ልውረድ።

በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ገባ። አዘዞ አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት ሱዳናውያን ወንድማማች ተዋወቅሁ። ታላቁ መምህር ነበር። በዓረብኛ ስላናገርሁት ደስ ብሎት ሻይ ጋበዘኝ። ከጨዋታ ጨዋታ «ሐምዶክ እንዲለቅ ነው የፈለግኸው፣ እንዲቆይ?» አልሁት። «እኔ ይውረድ እያልሁ ጎዳና ላይ ነበርሁ» አለኝ። ወደ ታናሹ በአገጩ እያመለከተ፣ «እሱ ደግሞ ይቆይ ከሚሉት ጋር ነበር፤ አንድ ወር አልተነጋገርንም።»

«አሁንስ?» አልሁት።

«አሁን የምንጣላው በስኳር ነው» አለኝ። ታናሹ ብርጭቆው ውስጥ አራተኛውን ማንኪያ እየጨመረ ነበር።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ማይኩን እዚያ ነጠላ ለለበሱት እናት አቀብሉልኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሳቸውን እየነቀነቁብኝ ነው፣ ያልተስማሙበት ነገር አለ።